የተነከሰችው እንቁላል

ዓለም ባንክ ፌርማታ ላይ ከታክሲ አውርደው ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱም ከራስ በላይ። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ በኩል ሲነሳ ሽታው ይገባና አብሮን ያድራል። የታሰርኩት ኢንተርኔት ላይ ጻፍክ በተባልኩት ነገር ነው። የመጀመሪያው ዕለት ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ስቀር አንድ ሰውዬ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና፣ "ና ጋደም በል፤ ቆሞ የተፈታ የለም" አለኝ።

የአስኮ ነጋዴ ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። ሲይዙት ሚስቱ ወሯ ገብቶ ነበር። እሱ ጠያቂ ተከልክሏል፤ ቤተሰቡ በር ላይ "እዚህ የለም" እየተባለ እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያም ሆኖ በየቀኑ የጥየቃ ሰዓት ሲደርስ ኮቱን ይቆልፍና ይቀመጣል። ስለ ሚስቱ ሲያወራ የሚጀምረው ከፍንጭቷ ነው። "ስትስቅ ብታያት!" ይለኛል። በሰላም ትገላገል አትገላገል ግን አፉ ደፍሮ አያነሳውም።

የገና ዋዜማ እናቴ መጣች። በበዓሉ ቀን ጥየቃ ስለሌለ ዶሮውን ቀድማ ሠርታለች። ምግብ ከመግባቱ በፊት ያመጣው ሰው ፖሊሱ ፊት መቅመስ አለበት። እኔ ከሽቦው ወዲህ ቆሜ አያለሁ።

"ማዘር፣ ይቅመሱ።"

"ዛሬ እኮ ገሃድ ነው ልጄ! ስሠራው እንኳ ጨዉን አልቀመስኩም። ይህን ሁሉ ቀን ጾሜ አሁን አንተ ፊት ልግደፍ?"

"ካልቀመሱ አይገባም።"

"እንግዲያው አንተ ቅመሰዋ።"

ፖሊሱ ምሳ ዕቃውን አየና ምራቁን ዋጠ። "እኔም ጿሚ ነኝ፣ ማዘር።"

ሳቄ መጣ። እናቴ ግን ክዳኑን መልሳ መግጠም ጀምራ ነበር።

ይሄኔ ከሰልፉ ውስጥ ጨቅላ የታቀፈች ሴት ወጣች። "እኔ ልቅመስልዎት እማማ። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ አንጾምም።" እንጀራውን በወጡ አጥቅሳ ቀመሰች። ከእንቁላሎቹም አንዷን አንስታ ግማሿን ነከሰችና ቀሪውን መለሰች።

እናቴ ምስጋናውን ረስታ ተቆጣች። "አንቺ! አራስ ሆነሽ ብርድ ላይ ትቆሚያለሽ? ከወለድሽ ስንት ቀንሽ ነው?"

"ዘጠኝ። ሴት ናት፤ ሁለታችንም ደህና ነን" አለች፣ እኔን እያየች፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብላ። ፈገግ ስትል ፍንጭት ናት።

ክፍል ገብቼ ያየሁትንና የሰማሁትን ለነጋዴው ነገርኩት። "ሌላ ሴትም ልትሆን ትችላለች" ማለቴ አልቀረም፤ ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ያስፈራል። ከዚያ እንቁላሏን ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አያት። ንክሻው መሃል ላይ ጥርስ ያልነካት ቀጭን መስመር ቀርታለች።

"እሷ ናት" አለ። "እሷ ናት።" ፊቱን በኮቱ ሸፈነ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

"በላት እንጂ፣ አንተ አትጾምም" አልነው።

"ዛሬስ ጾሜያለሁ። ነገ አብረን።"

በገና ጠዋት ኮቱን ቆልፎ መሃላችን ተቀመጠ። ከጋቢ በመዘዘው ክር ያቺን ግማሽ እንቁላል ለስምንት ከፋፈላት። ወጡ ጨው የሚባል አልነካውም፤ እንደዚያ ጣፍጦኝ ግን አያውቅም። አብረውን የታሰሩ አንድ ሽማግሌ "ለሴት ልጅ ሦስት እልልታ ይገባታል" አሉ። እኛው በጎረነነ ድምፃችን ሦስቴ እልል አልን።

በሩ ተከፈተ። የትናንቱ ፖሊስ ነው። "የምን ጩኸት ነው?"

ነጋዴው ብድግ አለ። "ሴት ልጅ ተወልዳልኛለች።"

ፖሊሱ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። "እዚህ የለም" የተባለው ሰው ፊቱ ቆሟል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንኳን ማርያም ማረቻት" አለው።

ጴንጤው ነጋዴ "አሜን" አለ።

ሁለታችንም ከተፈታን ዓመታት አልፈዋል። ያ ክፍል የወሰደብኝ አልተመለሰም፤ ቆሼ ቆሼ የሚል ነገር ሲሸተኝ ዛሬም ቀና ብዬ መስኮት እፈልጋለሁ። ያ ገና ግን የእኔ ነው፣ ለማንም አልሰጠውም። የእናቴም ዶሮ ከዚያ ወዲህ ጨው አጥቶ አያውቅም። በየዋዜማው ልጅቷ ከአስኮ ከወላጆቿ ጋር ትመጣለች፤ እናቴ ጭልፋውን ይዛ "ነይ ቅመሺልኝ፣ እኔ ጿሚ ነኝ" ትላታለች። ዘንድሮ ጥርሷን ለውጣ መጣች። ቀመሰች፣ አሰበች፣ ከዚያ አዲሱን ፍንጭቷን እያሳየች፣

"ጨው ያንሰዋል፣ እማማ" አለች።