አባቴ ራዲዮ ላይ የዘፈኑ ለት

እንጅባራ በሚገኝ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ውስጥ ሥራዬ ድምፅ መቁረጥና መቀጠል ነው። ሳሉን፣ መንተባተቡን፣ ከመንገድ የሚገባውን የባጃጅ ጥሩምባ እየለቀምኩ አወጣለሁ። ከሁሉ የምጠላው ግን ዝምታን ነው። ራዲዮ ለአፍታ ዝም ካለ አድማጭ ጣቢያ ይቀይራል ብለው አስተምረውኛል፤ እኔም ከአስተማሪዎቼ ብሼ ቁጭ አልኩ።

አባቴ አዲስ ቅዳም አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ በፈረስ ሠርግ የሚያጅቡ፣ በአገውኛ የሚዘፍኑ ሰው ነበሩ። እሳቸው ስንኝ ያወርዳሉ፣ እናቴ ከሴቶቹ መሐል ሆና ትቀበላለች፤ የተዋደዱትም እንዲሁ ሲሉ ነው ይባላል። አምና ሕመም እግሯን ከያዛት ወዲህ ግን እናቴ ከአልጋዋ አትርቅም። ዘፈንንም እርም ብላለች። አባቴ አንድ ስንኝ ሲጀምሩላት፣ "ተው ባክህ፣ የምን ዘፈን ነው" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

አንድ ቀን አባቴ ሳይነግሩኝ በሚኒባስ ጣቢያው ድረስ መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ አለንጋቸውንም ይዘዋል።

"ዘፈኔን ቅጂልኝ" አሉኝ።

"ማን ይቀበልዎታል? የጣቢያውን ልጆች ልጥራልዎት?"

"ተይ፣ ተቀባይ አለኝ።"

እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ማይኩ ፊት ቆመው አንድ ስንኝ አወረዱና ዝም አሉ። አለንጋውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ቆዩ። ከዚያ ሁለተኛውን አወረዱ፣ አሁንም ዝም። ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ ትንፋሽ ያጠራቸው መሰለኝ። እንደሄዱ ቁጭ ብዬ ዝምታውን ሁሉ ቆርጬ አወጣሁት። ስንኝ ከስንኝ ገጠመ፤ ጎረምሳ አስመሰልኳቸው። እንዴት ያለሁ ባለሙያ ነኝ ብዬ ራሴን አደነቅሁ።

ዘፈኑ በሚተላለፍበት እሑድ ከሰዓት ወደ ቤት ሄድኩ። አባቴ ራዲዮኑን እናቴ ትራስ አጠገብ አስቀምጠው ፈረሱን ላብላ ብለው ወጡ። ድምፃቸው ሲመጣ እናቴ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። ቆየት ብላ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ልትቀበል አፏን ስትከፍት ግን ሁለተኛው ስንኝ ቀደማት። እንደገና ሞከረች፣ ሦስተኛው ቀደማት። አፏን ገጠመች።

"ምነው ዛሬ ቸኮለብኝ?" አለች። "ይጠብቀኝ ነበር እኮ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ደጅ ወጣሁ።

"አባባ፣ ዝም ያሉበትን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

ድርቆሹን እንደያዙ ቆሙ። "እኔን ተው ትለኛለች። ራዲዮኑን ግን ማን ተው ይለዋል ብዬ ነበር፣ ልጄ" አሉ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ዘፈኑ እንደገና ይተላለፍልኝ ብዬ አለቃዬ እግር ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። በሚቀጥለው እሑድ ያልተቆረጠው ዘፈን እንዳለ ተላለፈ። ተረኛ ስለነበርኩ ቤት አልሄድኩም። ገና ከመጀመሩ የጣቢያው ስልክ ይጮህ ጀመር፤ "ራዲዮናችሁ ይቆራረጣል!" ይላል አንዱ፣ "ኔትወርክ የለም እንዴ?" ይላል ሌላው። "አልተበላሸም፣ ዘፋኙ ሰው እየጠበቁ ነው" አልኳቸው።

ከዚያ የራሴ ስልክ ጠራ። የአባቴ ቁጥር ነው። አነሣሁት፤ የሚያናግረኝ የለም። ከርቀት የራሴ ጣቢያ ይሰማል፣ አባቴ ያወርዳሉ። ዝም ሲሉ አንድ ቀጭን፣ የሻከረ ድምፅ ተቀበለ። የእናቴ ድምፅ ነበር። ማይኩ ፊት ተደፍቼ አለቀስኩ።

ዘፈኑ አልቆ ማስታወቂያ ገባ። ቤት ውስጥ ራዲዮኑ ጠፋ፣ ስልኩ ግን አልተዘጋም።

"አንተ" አለች እናቴ፣ "ምን ትጠብቃለህ? አውርድ እንጂ!"