ከነጩ ሳጥን ያወጣነው መድኃኒት

ሁሉን በሚያውቅ፣ ሳያውቅ የበደለውንም በሚምር በእግዚአብሔር ስም። ይህችን ማስታወሻ የምጽፈው አባቴ በአንድ ስሕተት እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዳዘኑ፣ የስሕተቱም መነሻ እኔ እንደነበርሁ ሳልናገር እንዳልሞት ፈርቼ ነው።

ልጅ እያለሁ፣ በሃምሳዎቹ ማብቂያ፣ አባቴ ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሜዳ ላይ የደብራችን መሪጌታ ነበሩ። በዚያ ዓመት የክረምቱ ውኃ ሸሽቶ ዋልካው መሰነጣጠቅ ሲጀምር፣ «ደስታ» የሚባለው የከብት ቸነፈር ወደ ማዶ መንደሮች መግባቱ ተሰማ። ሕዝቡ መርፌ አያምንም ነበርና፣ ከብቱን እንዲያስወጋ በዐውደ ምሕረት ቆመው የለመኑት አባቴ ናቸው።

የከብት ሐኪሙ ዓርብ ዕለት ደረሰ። ማግሥቱ ኅዳር ሚካኤል፣ ተከታዩም ሰንበት ስለነበረ ከብት የሚነዳ አልተገኘም። እስከ ሰኞ ሌላ ጉዳዩን ሊፈጽም ወደ ሐሙሲት ሲመለስ፣ በበረዶ መካከል የመድኃኒት ጠርሙሶች የተደረደሩበትን ነጭ ሳጥን ለአባቴ አስረከበ። «መሪጌታ፣ አደራዎን፤ ቅዝቃዜው ከለቀቀው አይረባም» ብሎ ወደ መኪናው ተጣደፈ።

ሳጥኑ ዛሬ በየሱቁ ደጃፍ ተጥሎ የምናየው ፎም ነበር። ያን ጊዜ ግን እንዲያ ያለ ነገር አይተን አናውቅም፤ እንደ ጥጥ የቀለለ፣ ሲያሹት ሲጥ የሚል፣ ጥፍር የሚበሳው። መዳፌን አሳረፍሁበትና «አባባ፣ ይሞቃል እኮ» አልሁ።

አባቴም እጃቸውን አኖሩበት፤ ፊታቸው ተለወጠ። «እውነትህን ነው። ይህ ጋቢ ማለት ነው። ጋቢ ለብሶ የሚበርደው ማን ነው? ያ ወጣት ሐኪም ሳያስተውል መድኃኒቱን እያሞቀብን ነው» አሉ። እናቴ «ባለቤቱ ካኖረበት አይንኩት» ብትላቸው፣ «አደራውን የተቀበልሁት እኔ ነኝ» ብለው ዝም አሰኟት።

በአገራችን ቀዝቃዛ ነገር የሚጠበቀው በእንስራ ነው። ከጓዳው ጥግ እርጥብ አሸዋ ላይ ወደተቀመጠው እንስራ፣ እኔ እያቀበልኋቸው፣ ጠርሙሶቹን ከበረዶው ስባሪ ጋር አንድ በአንድ አሰጠሙ። እስከ ምሽት ድረስ ውኃው ጥርስ ይነቅል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከብቱ ሜዳውን ሞልቶ ሳለ ሐኪሙ መጣና ባዶውን ሳጥን ከፈተ። አባቴ በኩራት ወደ እንስራው መሩት። እጁን ቢነክር በረዶው ሁሉ ቀልጦ አገኘው፤ ወጥቶም ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«መሪጌታ፣ ይህ ሞቷል።»

«መድኃኒት ደግሞ ይሞታል?»

«ይሞታል። ከሳጥኑ ባይወጣ ኖሮ በረዶው እስከ ዛሬ በቆየ ነበር።»

ሌላ መድኃኒት እስኪያመጣ ቸነፈሩ ቀደመው። ከብቶቹ እንባቸው እየወረደ በየበረታቸው ወደቁ፤ ለብዙ ቀን ከሜዳው የሚመጣው ነፋስ የሬሳ ሽታ ብቻ ነበር። የጎረቤታችን የአያ ተገኘ ሁለቱም በሬዎች በአንድ ሳምንት አለቁ፤ የታጨደው ጤፋቸው የሚያበራየው አጥቶ በክምሩ ቀረ።

በሬዎቹ ካለቁ በኋላ በመጣው እሑድ አባቴ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆመው «ከብታችሁን ያስፈጀሁት እኔ ነኝ» አሉ። ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አያ ተገኘ «ተዉ መሪጌታ፤ እግዜር ያመጣውን ሰው አይመልሰውም» አሏቸው።

«እግዜርማ መድኃኒቱን ልኮልን ነበር» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ሳጥኑ ከቤታችን ቀረ። እናቴ ጫጩቶችን ከብርድ ታስጠልልበት ነበር። ምስጥ አልበላውም፤ ዝናብም አላበሰበሰውም። ፀሐይ ግን ዓመት በዓመት ቢጫ እያደረገች አደከመችው፤ ጠርዙ እንደ ማሽላ ፍሬ ሲፈረፈር ዶሮዎች ይለቅሙት ጀመር። አባቴ ፍርፋሪውን እየጠረጉ ይቀብሩት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

አሁን የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ታስረዳኛለች፦ ፎም የታሰረ አየር ነው፤ የእጃችንን ሙቀት ስለማይወስድብን የሚሞቅ ይመስለናል፤ ሙቀት እንዳይወጣ እንደሚከለክል ሁሉ እንዳይገባም ይከለክላል፤ በረዶም በጋቢ ቢጠቀልሉት ይቆያል። ያን ጊዜ የጎደለችን ይህች ዕውቀት ብቻ ነበረች። እርሷ ተናግራ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። እኔ ግን ዕውቀቱን ወዴት እንደማደርሰው አጣሁ፤ ሊሰሙት ይገባቸው የነበሩት አባቴ በደብሩ ቅጥር ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

ይህን ያነበባችሁትን ሁሉ አምላክ በቅን ልብ ከሚሠራ ጥፋት ይሰውራችሁ፤ ቤታችሁን በሰላም፣ በረታችሁን በከብት ይሙላላችሁ። አሜን።