የታቢታ አምሮት

ሐይቁ ሞልቶ የዳሩን ሸምበቆ የዋጠበትን ያንን ክረምት ሳስብ ትዝ የሚለኝ የማይደርቅ ልብስ ነው። ባህል አዳራሽ አካባቢ በምንኖርበት ግቢ ገመድ ላይ የሰቀልነው ነጠላ ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ስንለብሰውም ቀዝቀዝ ብሎ ትከሻ ላይ ይለጠፋል። የዚያን ሰሞን በእኔም ውስጥ እንዲሁ አልደርቅ ያለ ነገር ነበር። ቅናት ነው። ስሙን ለመጥራት አሁን አላፍርም፤ ሰባ ዓመት አልፎኛል።

የቀናሁት በታቢታ ነው። ታቢታ የግቢያችን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን ልብስ ሁሉ የምትሰፋው እሷ ናት። እሷ ሲዳማ ናት፣ ጴንጤ ናት፤ እኔ በባሌ በአሰፋ ሥራ ምክንያት ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ኦርቶዶክስ ነኝ። ያገናኘን አንድ ግድግዳና አንድ ጉድለት ነው። ሁለታችንም አርባ ሊሞላን ደርሷል፤ ሁለታችንም አልወለድንም። በየሰርጉ ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው። «ቤት የሚጠብቀን ልጅ የለ፣ ምን አስቸኮለን? ድገሚ እንጂ!» ትለኛለች። እሷ ስትለው ሐዘኔ ይቀለኝ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ የመለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቤቴ ገባችና «ፀሐዬ፣ አርግዣለሁ» አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት። እልልም አልኩ። እሷ ስትወጣ ግን በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

አምሮት የሚለውን ቃል የጠላሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ረሃብ አይደለም፤ ረሃብን የተቀቀለ በቆሎም ያስታግሰዋል። አምሮት ሌላ ምንም ቢያቀርቡለት የማይተካ፣ ጠግበውም የማይለቅ ነገር ነው። ግን «አማረኝ» ለማለት ሁሉም ሰው እኩል አፍ የለውም። እርጉዝ ያለች እንደሆነ ሰፈሩ ይሯሯጣል። አንዷ ትኩስ ቆጮ ይዛ ትመጣለች፣ አንዷ ሎሚ፣ አንዷ የሰው አጥር ዘልላ ያልበሰለ ማንጎ። አምሮቷን ካላገኘች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላላ! አንድ ቀን እኔም «እኔ እኮ ማንጎው አምሮኛል» ብዬ ነበር።

«ያንቺማ ሆዳምነት ነው እንጂ ምኑ አምሮት ይባላል?» አለችኝ አንዷ ጎረቤት። ሴቶቹ ሳቁ። ታቢታ ግን አልሳቀችም፤ ይህን መመስከር አለብኝ።

ሐምሌ አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አሰፋ ከሐይቅ ዳር ስድስት ቆሮሶ ዓሣ ገዝቶ መጣ። ታቢታ ሳምንቱን ሙሉ ዓሣ፣ ዓሣ ስትል ነበር የሰነበተችው፤ በዚያ ዝናብ ጀልባዎቹ እምብዛም ስለማይወጡ ግን ያገኘላት አልነበረም። ቅርፊቱን ልጬ፣ ሥጋውን ከትፌ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ዱለት ሠራሁት። ወጋችን የታወቀ ነው፤ ሽታ ያለው ነገር የሠራች ሴት መጀመሪያ የምታነሣው ለእርጉዟ ነው። ሳህን አወጣሁ። ጨለፍኩበትም። ከዚያ መልሼ ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩትና መስኮቱን ዘጋሁ።

«ለታቢታ ሰጠሽ?» አለ አሰፋ እጁን እየታጠበ።

«ሰጥቻለሁ።»

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች? በላች።»

ሁለት ሳንጎርስ በሩ ተንኳኳ። ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ገጠም አድርጌ ቆምኩ።

«ፀሐዬ፣ ዓሣ ሸተተኝ» አለች ታቢታ፣ እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኔን እያየች።

«ከወዲያኛው ግቢ ነው መሰለኝ።»

«ከወዲያኛው?»

«አዎ። አንቺ ደግሞ አፍንጫሽም አብሮ አርግዟል!»

ሳቅ አለች። ምራቋን ስትውጥ ግን ጉሮሮዋን አየሁት። ሄደች። እኔ ተመልሼ በላሁ፤ የሁለት ሰው በላሁ። አምሮቴ ግን አልወጣልኝም። የዓሣ አልነበረማ።

ታኅሣሥ ላይ ሮሆቦት ተወለደች። አንገቷ ሥር፣ በስተግራ፣ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ምልክት ነበረባት። አራስ ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች «ምን አምሮሽ ነው የቀረብሽ? ማን ነው የከለከለሽ?» እያሉ ታቢታን ያዟት። እኔ የገንፎውን ሳህን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

«ማን ይከለክለኛል?» አለች። «ፀሐይ ጎረቤቴ ሆና!»

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነው። መጸጸት ሲገባኝ፣ ልጅቷን ባቀፍኩ ቁጥር ምልክቷን በጣቴ እየነካሁ «ይቺስ የኔ ናት» እል ነበር፣ በልቤ። ሌላውን ሁሉ ታቢታ ሠራችው፤ ይቺን እኔ። እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ «ተያት፣ ገና አሁን መተኛቷ ነው» እያልኩ እዋሻለሁ። አንድ ሰዓት ብትተውልኝ ሁለት ያምረኛል፤ ብታሳድርልኝ ሳምንት። ልጅቷ ግን ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ የምትጠራው እናቷን ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ አሰፋ ሲያርፍ፣ ታቢታ አርባውን ቀን እኔ ዘንድ ዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ከስቼ የሰፋኝን ጥቁር ቀሚስ እያጠበበችልኝ ሳለ ነገርኳት።

«ያ ዓሣ የኔ ነበር።»

ቀና እንኳ አላለችም። «የቱ ዓሣ?»

«እርጉዝ ሆነሽ በር የዘጋሁብሽ።»

«እሱማ ቅርፊቱ ቀሚስሽ ላይ ተለጥፎ ነበር እኮ! ያውም ሁለት ቦታ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ታዲያ ለሴቶቹ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺም አምሮሽ ነበራ» አለች። «ያንቺን ሰው አላየልሽም እንጂ።»

አለቀስኩ። እፎይ ብላ ነው የሚል ይኖራል፤ አይደለም። ቀንቼ ነው። ልጁንም እሷ አገኘች፣ ሰፊውንም ልብ እሷ አገኘች። ለእኔ ይቅርታ መጠየቂያ ቦታ እንኳ አልተረፈኝም።

ሮሆቦት ነርስ ሆና ዲላ ተመደበች፤ እዚያው አገባች። ባለፈው የካቲት መንታ ስትገላገል ታቢታ ልታርሳት ሄደች፣ የስፌት ማሽኗን መኪና ላይ አስጭና። «ለፋሲካ እመለሳለሁ» ብላኝ ነበር። ፋሲካ አለፈ። ደውዬ «መቼ ነው?» ስላት «ልጆቹ ትንሽ ይጠንክሩ» ትለኛለች። ከኋላዋ ሁለቱ ሲያለቅሱ ስለሚሰማኝ ስልኩን ቶሎ አልዘጋም።

«አንዱን እንኳ ላኪልኝ» አልኳት ባለፈው ሰሞን።

ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም።

ቤቷን አሁን ተከራይ ገብቶበታል። ታቢታ ዲላ፣ ልጇ ቤት ናት።