የሦስታችን ደም

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፣ ፊደልም ይሳሳትብኛል። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነውና ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

አባባ የሞተው በአንጀት ካንሰር ነው፤ አባቱም እንደዚሁ። በሽታው በዘር ይተላለፍ እንደሆነ የሚያጠኑ ሐኪሞች ቡርቃ ጃቶ ያለው ቤታችን ድረስ መጡ።

«የሟች ልጆች እነማን ናቸው?» አለች አንዷ ሐኪም።

እኔ በሕፃንነቴ ከአንገር ጉቲን በጉዲፈቻ የመጣሁ ነኝ። ሁላችንም እናውቃለን፤ በቤታችን ግን አይነሳም። ከወንድሜና ከእህቴ ኋላ በሩ ሥር ቆሜ እማዬን አየኋት።

«ሦስቱም የሱ ናቸው» አለች። «ኮቱ» ብላ በኦሮምኛ ጠራችኝ፤ «ነይ ልጄ፣ ክንድሽን ስጫት።»

«ይቺ? ዶሮ ሲታረድ እንኳ ትደበቃለች» ብሎ ወንድሜ ለሚ ሳቀብኝ።

አልተደበቅሁም። ደማችን የተቀዳባቸው ሦስቱ ብልቃጦች መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ሲቆሙ የኔ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ቀኑን ሙሉ ደማችን በሲሬ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ አባባም መኪናው ውስጥ ብልቃጦቹን ታቅፎ ተቀምጦ ይታየኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ሐኪሟ ተመለሰች። ለሚና እህቴ የበሽታውን ዘር ከአባባ ወርሰዋል፤ ገና አልታመሙም፣ ግን በየጊዜው መመርመር አለባቸው። እኔ ላይ የለም።

«አንዷን እንኳ ተውክልኝ፣ ዋቃዮ አምላኬ» ብላ እማዬ አቀፈችኝ።

«ዕድለኛ» አለኝ ለሚ፣ ፀጉሬን እየነካካ።

አለቀስኩ። ከደስታ መሰላቸው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ እነዚያን ወራት ሁሉ እኔም ላይ እንዲገኝ ስጸልይ ነበር የከረምኩት።