በመጽሐፉ ያለች፣ በፊልሙ የሌለች

በመነጽር ቤቱ ያሉት ሁሉ የሚጠሯት «ዳኛዋ» እያሉ ነው። ስሙን ያወጡላት ባለሱቁ ናቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ቅዳሜ ያየችውን ፊልም ከመነሻው እስከ መድረሻው ስትበልተው ሰምተው «አንቺ ልጅ፣ ካንቺ ፍርድ እኮ ይግባኝም የለው» አሏት። ከዚያ ወዲያ ስሙ እንደ ሙጫ ተጣበቀባት። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ለእሳቸው ግን አሁንም «አንቺ ልጅ» ናት።

የምትሠራው ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሐኪም ባዘዘው ቁጥር የመጣውን ሌንስ ውሃ በሚንጠባጠብበት ተሽከርካሪ ድንጋይ ላይ እየሞረደች ከፍሬሙ ጋር ታገጣጥማለች። ሌንሱ በፀጉር ያህል ከሰፋ ሲገባ ይሰነጠቃል፤ በፀጉር ያህል ከጠበበ መንገድ ላይ ይወድቃል። መሃሉ ከዓይኑ ብሌን ጋር ካልተገናኘ ደግሞ ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን ራሱን ይዞ ይመለሳል። ከዚህ ሥራ ይሁን ከተፈጥሮዋ፣ የተዛባ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም።

በኢንተርኔት ላይ «ከኋላ ወንበር» የሚባል ገጽ አላት። ስሟም ፎቶዋም የለበትም፤ አንድ ባዶ የሲኒማ ቤት ወንበር ብቻ። በየሳምንቱ ስላየችው ፊልም ወይም ስላነበበችው ልቦለድ ትጽፋለች፤ አራት ሺህ የሚሆን ሰው ይከታተላታል። ሰው የሚወድላት ዝርዝሩን ነው። አገር ምድሩ ስላለቀሰበት አንድ ፊልም እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ፕሮፌሰሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ ሩቅ አያይም ተብለናል። ያደረገው ግን ባዶ መስታወት ነው። እንደሱ ላለ ሰው የሚታዘዝ ሌንስ የጉንጭን ዳር ወደ ውስጥ ሰበር አድርጎ ያሳያል፤ የእሱ ጉንጭ ቀጥ ብሎ ወርዷል። እንግዲህ ከመንገድ ማዶ የቆመችውን ልጁን መለየት አቃተኝ ብሎ ሲንሰቀሰቅ እንዴት ልመነው?» በሌላ ጊዜ ደግሞ «በእኛ ፊልሞች ሰው የሚታመመው ሁለት በሽታ ብቻ ነው፤ ፍቅርና መርሳት። ጉንፋን የያዘው ሰው አይቼ አላውቅም» አለች። በሦስት ወር ሁለት ጊዜ ስለታተመ ልቦለድ የጻፈችው አጭር ነበር፦ «በምዕራፍ ሦስት ልጅቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ትተኛለች። በምዕራፍ አራት በመስኮት ዘልላ ትጠፋለች። ወይ ፎቁ ይቀነስ፣ ወይ እግሯ ይሰበር።»

ክፉ ግን አልነበረችም። ማንም ሳያየው ከሲኒማ ቤት በወረደ አንድ ፊልም ውስጥ፣ ሽማግሌ ሰውዬ የሟች ሚስቱን ብርድ ልብስ ብቻውን ለማጠፍ ሲታገል ይታያል፤ ሌላውን ጫፍ የሚይዝለት የለም። ስለዚያች ብርድ ልብስ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች።

ገጹን የከፈተችው ሰባት ዓመት ይሆነዋል፤ ደባሏ ከወጣች በሁለተኛው ወር። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ለሁለት ኖረዋል። ደባሏ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ስትስቅ ትከሻዋ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ዝምተኛ ሴት። በየቅዳሜው አብረው ሲኒማ ይገባሉ። ዳኛዋ ፊልሙ እየሄደ ስለምታወራና ከፊት ያለው ሰው እየዞረ ስለሚገላምጣት፣ የሚቀመጡት ሁልጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። ሲወጡ አውቶቡሱን ትተው በእግራቸው እየተከራከሩ ይመለሳሉ። ክርክሩ ደጃፍ ላይ ካላለቀ ሻይ እስኪፈላ ይቀጥላል።

አንድ ቀን ደባሏ በሁለት ወፍራም ደብተር የተጻፈ ልቦለድ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እይልኝ» ከማለት በቀር ምንም አልጨመረችም። እንደምትጽፍ እንኳ ዳኛዋ አታውቅም ነበር። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በተለየ ወረቀት ላይ፣ በተራ ቁጥር፣ አርባ ሦስት ነጥብ ጻፈች። ጥሩ የሆነውን አልጻፈችም፤ ጥሩው ራሱ ይታያል ብላ ነው። ለማትወደው መጽሐፍ አርባ ሦስት ጊዜ እንደማትደክም ሌላው ሰው ያውቃል ብላ ነው።

ደባሏ ዝርዝሩን ቆማ አነበበችው፤ አራት ላይ አጠፈችው፤ «ደክመሻል፣ አመሰግናለሁ» አለች። በወሩ ለሥራዬ የሚቀርብ ቤት አገኘሁ ብላ ወጣች። ጠብ የለ፣ ክፉ ቃል የለ። አንድ ሁለት ጊዜ ተደዋወሉ፤ ከዚያ አንዷ ስትረሳ ሌላዋም ረሳች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ዳኛዋ ልብ ስትል ዓመት አልፏል።

እና ባለፈው ዓመት መጽሐፉ ታተመ። በአውቶቡስ ውስጥ የሚነበበው እሱ፣ በፀጉር ቤት የሚወራው እሱ ሆነ። የገጿ ተከታዮች «ፍርድሽን እንጠብቃለን» እያሉ ይነዘንዟት ጀመር። ደራሲዋን እንደምታውቃት ለማንም አልተናገረችም። ገዝታ ማንበብ ጀመረች፤ ጠዋት በአውቶቡስ፣ በምሳ ሰዓት ደግሞ ከድንጋዩ አጠገብ ባለች ዱካ ላይ።

ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ የደረሰችው ወደ ቤት ስትመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ነው። እዚያ ገጽ ላይ አንዲት ስም የሌላት ጎረቤት ትገባለች። «ጎረቤቴ ፊልም የምታየው ጣቷን ቀስራ ነበር» ይላል መጽሐፉ። «የሰው ታሪክ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ታውቃለች። በአንድም ፊልም ስታለቅስ አላየኋትም። የራሷ ታሪክ ግን ገና አልተጀመረም።» ሴትዮዋ ሦስት ገጽ ቆይታ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያነሳት የለም። ዳኛዋ ቀና ስትል ከመውረጃዋ ሦስት ፌርማታ አልፋለች።

በእግሯ ተመለሰች። መጽሐፉን ወርውራ ልትተወው አስባ ነበር፤ ግን የጀመረችውን ሳትጨርስ አታውቅምና ጨረሰችው። ሌላው ነገር የገባት ያኔ ነው። ነጥብ አሥራ ሰባት፣ የወንድምየው ዕድሜ፣ ተስተካክሏል። ነጥብ ሠላሳ፣ ያ ሠርግ፣ ወጥቷል። በደብተሩ ላይ እናትየዋ በመጨረሻ ትሞት ነበር፤ ዳኛዋ «አትግደያት፤ ለደብዳቤ መልስ መስጠት ትተው፣ ይበቃል» ብላ ነበር። በታተመው መጽሐፍ እናትየዋ አትሞትም። ዝም ብላ መልስ መስጠት ትተዋለች፤ አንባቢ የሚያለቅሰውም እዚያ ላይ ነው። አንድ በአንድ ቆጠረች። አርባ አንዱ ገብቷል። ሁለቱን ደባሏ አልተቀበለችም፤ ዳኛዋ እንደገና ስታስበው በሁለቱም ደባሏ ትክክል ነበረች።

የነገረችው ለታላቅ እህቷ ብቻ ነው። እህቷ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ በየእሁዱ ትደውላለች። እሷ በጣም ተቆጣች፤ እንጀራ አብሮ የበላ ሰው እንዲህ ያደርጋል ወይ አለች፤ የደባሏን ስም እየጠራች ረገመቻት። ቁጣዋ በረድ ሲል ግን የመጽሐፉን ርዕስ ጠየቀች፤ ቀጥላም «ገጹ ስንት ነው ያልሽኝ?» አለች።

ዳኛዋ ስለ መጽሐፉ ምንም አልጻፈችም። ተከታዮቿ ሲወተውቷት ስለ ሌላ ነገር ጻፈች። በዚህ መሃል መጽሐፉ ፊልም ሆነ።

ማክሰኞ የእረፍት ቀኗ ነው። ከሰዓት በኋላ ፊልሙን ልታይ ሄደች፤ አዳራሹ ውስጥ ከዘጠኝ ሰው አይበልጥም። ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ጎረቤቷን ሆና የምትሠራው ተዋናይ ማን ትሆን እያለች ስታስብ ነው የሰነበተችው። ቀጭን ትሆን? ድምፀ ወፍራም? ጣቷን እንዴት ትቀስር ይሆን? ታሪኩ ወደዚያ ቦታ ሲቃረብ ወደ ወንበሯ ጠርዝ ተጠጋች። ቦታው ደረሰ፤ አለፈ። ጎረቤት የሚባል ሰው የለም። በመጽሐፉ ከጎረቤቲቱ አፍ የሚወጣውን አንዱን ቀልድ አንድ ፀጉር አስተካካይ ተናገረው። ምናልባት ወደ መጨረሻው ወስደዋት ይሆናል ብላ እስከ መጨረሻው ጠበቀች፤ የተዋንያኑ ስም አልቆ መብራት እስኪበራ ተቀምጣ ጠበቀች። እናትየዋ ግን ሞተች፤ በዝናብ፤ ከኋላዋ ያለው መንገድ ደረቅ ሆኖ።

በመጽሐፉ ብትሰደብም ቢያንስ ነበረች። ከሲኒማ ቤቱ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆማ ያሰበችው ይህንን ነው።

ያን ዕለት ማምሻውን ጻፈች። ፊልሙ ከመጽሐፉ እንደሚያንስ፣ እናትየዋን መግደል ቀላሉ መንገድ እንደሆነ፣ ለደብዳቤ መልስ አለመስጠት ግን ከሞት እንደሚከብድ ጻፈች። ስለ መጽሐፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባውን ሁሉ አመሰገነች። በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ «ከመጽሐፉ አንድ ሰው በፊልሙ ውስጥ የለም፤ ስለሌለች ማንም አላዘነም፤ እኔ ግን ፈለግኳት።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ድንጋዩን አጥፍታ ሌንስ ስታደርቅ ስልኳ ጠራ። ቁጥሩን አላወቀችውም፤ ድምፁን ግን ከመጀመሪያው «ሃሎ» ለየችው።

«እኔ ነኝ» አለች የድሮ ደባሏ።

«አወቅኩሽ።»

«የጻፍሽውን አነበብኩት። ‹ከኋላ ወንበር› አንቺ እንደሆንሽ ድሮም ጠርጥሬያለሁ፤ በሰው መነጽር እንዲህ የሚጨነቅ ሌላ ማን አለ?» ወዲያው ቀጠለች። «እናትየዋን የገደልኳት እኔ አይደለሁም። ተከራክሬ ነበር። ሕዝቡ ማልቀስ ይፈልጋል አሉኝ።»

«ገብቶኛል።»

«ያቺን ገጽ... አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ተቀየምሽኝ?»

ዳኛዋ በጨርቅ የያዘችውን ሌንስ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ አስቀመጠችው። «ሴትዮዋ በደንብ ተጽፋለች» አለች። «አንድ ስሕተት ብቻ አለባት።»

«ምን?»

«ታለቅስ ነበር። ሞኛሞኝ ፊልም ላይ ሳይቀር። ጨለማ ስለሆነ አንቺ አላየሽም። ታወራ የነበረው እኮ ለቅሶዋ እንዳይሰማ ነው።»

ከሱቁ በኩል ባለሱቁ የደንበኛ ዓይን ለመለካት ፊደል ሲያስነብቡ ይሰማል።

«ደብተርሽንም» አለች ዳኛዋ፣ «ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ወድጄው ነበር።»

«አልነገርሽኝም እኮ።»

«አልነገርኩሽም።»

«አንድ ቃል ብትይኝ ኖሮ» አለች ደባሏ፤ አልጨረሰችውም። ከዚያ ድምጿን አስተካክላ ቅዳሜ ሲኒማ እንግባ አለች። ዳኛዋ እሺ አለች።

ቅዳሜ ደባሏ በሰዓቱ መጣች። ሽበት ጀምሯታል፤ አምሮባታል። በር ላይ ሁለት ልጃገረዶች አውቀዋት መጽሐፍ አስፈረሙ፤ ዳኛዋ ቦርሳዋን ይዛላት ቆመች። ገቡ፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ፊልሙ የሚያሳፍር ነበር፤ ገና በአሥረኛው ደቂቃ አንዲት ሴት በመኪና ተገጭታ ሁሉን ነገር ረሳች። ዳኛዋ አንደበቷ ላይ የመጣውን ዋጠችው። ዛሬ ጣቷን የምትቀስር ሴት መሆን አልፈለገችም። ደባሏ ደግሞ አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያለች በጎን ታያታለች። አንድ ጊዜ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ሁለቱም ተጠነቀቁ። እንዲሁ ተጠባብቀው ፊልሙ አለቀ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች ደባሏ ሲወጡ።

«ሰው እንዳልረብሽ ብዬ ነው።»

በእግራቸው ለመሄድ ማንኛዋም አላነሳችም፤ ቤታቸው አሁን በተለያየ አቅጣጫ ነው። ፌርማታው ላይ ስለ እህቷ ጤና፣ ስለ ደባሏ ወገብ፣ በወር ወሩ ስለሚጨምረው የቤት ኪራይ ተጨዋወቱ። አዲስ መጽሐፍ እየጻፈች እንደሆነ ደባሏ ነገረቻት፤ እይልኝ ግን አላለችም። ዳኛዋም አሳዪኝ አላለችም። የደባሏ አውቶቡስ ቀድሞ መጣ። ተሳሳሙ፤ እንደዋወል ተባባሉ። ደባሏ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ እጇን አውለበለበች፤ አውቶቡሱ ሲታጠፍ ስልኳን ከቦርሳዋ ስታወጣ ታየች። ዳኛዋ ምናልባት ይደወልልኝ ይሆናል ብላ የራሷን ስልክ እስከ ቤት ድረስ በእጇ ይዛ ሄደች።

በማግስቱ እሁድ እህቷ ደወለች። ከሰው ጋር መዋሏን ስትሰማ ደስ አላት፤ እርቅ ወረደ ወይ አለች። ወረደ፣ ድሮም ጠብ አልነበረም አለቻት።

«ፊልሙስ እንዴት ነበር?» አለች እህቷ።

ዳኛዋ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ስለ መኪናው አደጋና ስለ መርሳቱ ልትናገር ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማስታወስ ሞከረች፤ አንድም ነገር አልመጣላትም። የመጣላት በመጋረጃው ብርሃን አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ቢጫ እየሆነ ከጎኗ የነበረ ፊት ብቻ ነው።

«አላየሁትም» አለች።