ለሕያው የወረደ ሙሾ

በሱዳኗ ከተማ በገዳሪፍ ሙሉዬ ጉሮሮዋን ጠረግ ካደረገች ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሐበሻው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጉንፋን ይዟት ብትስል እንኳ የሰፈሩ ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከደጅ ብቅ ትላለች።

ሙሉዬ ሙሾ አውራጅ ናት። በድርቁ ዘመን ከአርማጭሆ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ድንበር ተሻገረች፤ ሰሊጥ በማበጠር አደገች፤ አልወለደችም። ለቅሶ ቤት ግን አቻ የላትም። የሟቹን ስም እየጠራች የሠራውን አንድ በአንድ ታነሳለች፤ ስስታሙን ሳይቀር ቸር አድርጋ ትሸኘዋለች። ለቅሶ ቤት የምትፈለገውን ያህል ሠርግና ክርስትና ቤት ትፈራለች። ደስታ ባለበት ድምፅዋን ማሰማት ሟርት ነውና ሳህኑን አጥባ ዝም ብላ ትመለሳለች። «ምን ላድርግ፣ ቁራ ሆኛለሁ» ብላ ትስቃለች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

በዚህ ዓለም የምትሳሳለት ነገር ቢኖር አንድ እንስራ ነው። ሱዳኖች ዚር የሚሉት ትልቅ የውሃ ማቀዝቀዣ ሲሆን ከግቢዋ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። እናቷ የገዛችው ነው። ሕፃን የሚባል ፍጡር አጠገቡ እንዲደርስ አትፈቅድም።

ከግቢዋ አንዷን ክፍል የተከራየችው ሸዊት በጦርነቱ ከትግራይ የተሰደደች ወጣት ናት። ባሏ ክብርኣብ ሀዋታ በሚባል ቦታ እርሻ ላይ ይሠራል። ሸዊት ያረገዘች ጊዜ እያፈረች፣ «አደይ፣ አይቀየሙኝ። ይሄ ልጅ እስኪወጣ ድረስ አያንጎራጉሩብኝ» አለቻት። ሙሉዬ «ምን በወጣኝ» አለች። ተቀይማ ነበር፤ ግን ዋጠችው።

እንደዚያም ተጠንቅቀው ልጅቱ በሰባት ወሯ መጣች። ስታዩዋት ሰው ናት ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ክንዷ የሙሉዬን ጣት አያህልም። ሆስፒታል በመስታወት ሳጥን ውስጥ አስተኟት፤ ሸዊትም ከዚያ ሳትወጣ ስም አላወጣላትም አለች። ሙሉዬ በየቀኑ ምግብ ይዛ እየሄደች ከበሩ አጠገብ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትቆማለች። ትንፋሿ እንኳ እንዳይነካት ትፈራ ነበር።

ወር ሲያልፋት ኢሀብ የሚባል የዓይን ሐኪም መጣ። እሱንም የሱዳኑ ጦርነት ከካርቱም አፈናቅሎት ነው ገዳሪፍ የገባው። ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ልጆች ዓይናቸው ውስጥ ያለው የደም ሥር ተበላሽቶ ሊያድግ እንደሚችል፣ በጊዜ ካልታየም ብርሃናቸው እንደሚጠፋ አስረዳ። ሽፋሽፍቷን በትንሽ ብረት ከፍቶ መብራት ሲያበራባት ግን ልጅቱ ጮኸች፣ ከዚያ ትንፋሿ ቆመ፤ ሰማያዊ ሆነች። እንደ ምንም መለሷትና ምርመራው ተቋረጠ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ መጣ። ሱዳን ያደገችው ሐበሻ ነርስ ብፅአት ቃሉን አስተረጎመች፦ «ዛሬ ካላየኋት፣ በኋላ ባያትም አልደርስላትም ይላል። እናቷ ታንጎራጉርላት፤ ዜማ ሲሰሙ ይረጋጋሉ፣ ብዙ አይቻለሁ ነው የሚለው።»

ሸዊት እሹሩሩ ብላ ጀመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ እንባዋ አነቃት። ሞከረች፤ አልወጣም።

«ኻልቲ ሙሉዬ አለች አይደል እንዴ!» አለች ብፅአት፤ በዐረብኛ አክስቴ ማለቷ ነው። «ወላሂ፣ ከሷ ሌላ ድምፅ የት ይገኛል?»

ሙሉዬ ከበሩ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ልጅቱ በእሷ ድምፅ ላይ ብትሞት፣ ቁራነቷን አገር ብቻ ሳይሆን እሷም ራሷ ታምናለች። ሸዊት ልጇን አየች፣ የሐኪሙን መብራት አየች፣ ከዚያ ወደ በሩ ዞረች።

«አደይ፣ ይምጡ። ያንጎራጉሩላት» አለች።

ሙሉዬ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። የልጅ ዜማ ብትፈልግ ጉሮሮዋ ውስጥ የለም፤ ያለው ሙሾ ነው። ጎንበስ ብላ እሱኑ በለሆሳስ ጀመረችው። ሙሾ ደግሞ ስምና ሥራ ይፈልጋል፤ ይቺ ልጅ ሁለቱም የላትም።

ስምሽን አልጠራ፣ ገና አልወጣልሽም፣
ሥራሽን አልቆጥር፣ ገና አልሠራሽም።

ኢሀብ ብረቱን አስገባ። ልጅቱ ተንፈራገጠች፤ ትንፋሿን የሚለካው ማሽን ጮኸ፤ ቁጥሩ ወረደ። ሸዊት ፊቷን ሸፈነች። ሙሉዬ አላቆመችም። ሥራ ከሌላት የምትሠራውን ልንገራት ብላ አፏ ያመጣላትን አወረደች፦

ገና ትሮጫለሽ ሰሊጥ ማሳ ገብተሽ፣
ገና ትመጫለሽ እንስራዬን ሰብረሽ።

ማሽኑ ዝም አለ። ቁጥሩ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወጣ። የተጨበጠችው እጅ ተከፈተች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ በጎን ሳጥን ውስጥ ሲያለቅስ የነበረው የአንዲት ሱዳናዊት ልጅ እንኳ ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ጀመር። ነርሷ ቆማ ቀረች። ሙሉዬ በዕድሜዋ ሙሉ ለማይሰሙ ሰዎች ስታዜም ኖራለች፤ የሚሰማት ሰው ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እግዚአብሔር ቅርብ የቆመ መሰላት፤ ዞራ ለማየት ግን ፈራች።

ኢሀብ መብራቱን አጠፋ። «ተማም» አለ እየሳቀ፣ «ዓይኗ ደህና ነው።» ሙሉዬ ልታቆም ስትል ሱዳናዊቷ እናት እጇን ያዘቻት። «ለኔም ልጅ፣ ያ ኻልቲ» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ የምርመራ ቀን ሲደርስ ከሆስፒታል ይጠሯታል። ለቅሶ ቤትም አልቀረችም፤ ሟችም መብት አለው ትላለች።

ልጅቱ ፊዮሪ ተባለች። ዘግይታ ነው የቆመችው። አንድ ቀን ጠዋት ከክፍላቸው ደጅ ሆና፣ በእንስራው ላይ ፀሐይ የምታብለጨልጨውን የውሃ ጠብታ ከሩቅ አየች። አይታ ተነሳች፤ ተንገዳገደች፤ ሮጠች፤ እንስራውን አቅፋ አብራው ወደቀች። የሙሉዬ እናት እንስራ ስብርብሩ ወጣ።

ሸዊት ደንግጣ ወጣች። «አደይ፣ ይቅር ይበሉን...»

ሙሉዬ በገሉ መካከል ቆማ ነበር፤ ውሃው እግሯን ያረጥበዋል። ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገች። የጎረቤት ሴቶች ይህን ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየደጃቸው ብቅ አሉ፤ ማን ሞተ ብለው። ሙሉዬ ልጅቱን ከውሃው ውስጥ አንስታ ወደ ላይ ከፍ አደረገቻትና እልልታዋን አቀለጠችው።