ጎረቤቴን የሰለልኩበት ደብተር

ወገኖቼ፣ ጌታ የተመሰገነ ይሁን! ዛሬ እግዚአብሔር ለቤቴ ያደረገውን ሳልናገር ብቀመጥ ወንበሩ ራሱ ይቆረቁረኛል። ስነሳ አንዳንዶቻችሁ እንዳቀረቀራችሁ አይቻለሁ። አልፈርድባችሁም። በእጄ የያዝኳት ደብተር ውስጥ የብዙዎቻችሁ ስም አለ።

ያኔ በአብዮቱ ዘመን ይህ ጸሎት ቤት ታሽጎ፣ እናንተም በየጓዳው ስትጸልዩ፣ እኔ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነበርኩ። ማን ማን ቤት ገባ፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። ታዝዤ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ነገር መመርመር ተፈጥሮዬ ነው። ጎረቤቴ የዮናስ እናት ስታዛጋ እንኳ ጽፌያለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም!

እንዲህ የሰው ጓዳ ስመረምር የራሴን አላየሁም። እናቷ ካረፈች በኋላ ከልጄ ከጽጌ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ፣ ነሪ ወንዝ ወርዳ ውኃ ስትቀዳ ዘፈኗ እላይ ሰፈር ድረስ የሚሰማ ልጅ። በዚያ ዓመት ዘፈኗ ቆመ። ጓደኞቿን ሸሸች፤ ፀጉሯን ማበጠር ተወች፤ በትምህርቷም ወደ ኋላ ቀረች። “አባዬ፣ አስተማሪው ጠመኔ ሲያነሳ ስለ እኔ ምልክት እየሰጠ ነው” አለችኝ። ከተማችን መሐል ባለው ሜዳ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የሰፈሩ ልጆች ከብት ከሜዳው ለማባረር ሲሮጡ፣ እሷ “የመጡት እኔን ፈልገው ነው” ብላ በር ትቀረቅራለች። እኔስ ምን አልኩ? “ጎሽ፣ ንቁ የአብዮት ልጅ!” አልኳት። በዚያ ዘመን መጠርጠር ሙያ ነበራ! የነገረችኝንም ሁሉ ከነቀኑ በደብተሬ ጻፍኩ።

አንድ ቀን ምግብ አልበላም አለች። “የዮናስ እናት ሐሙስ ሐሙስ ግድግዳው ውስጥ ሆና ትሰድበኛለች። ምግቡንም መርዛዋለች።” ደሜ ፈላ። ጠመንጃዬን አንስቼ ሄድኩ።

የዮናስ እናት በቆሎ እየፈለፈለች ነበር።

“ተነሺ! ቀበሌ ትፈለጊያለሽ!”

“ምን አደረግኩ፣ ጓድ?”

“ሐሙስ ሐሙስ ልጄን በግድግዳ በኩል ትሰድቢያታለሽ!”

“ሐሙስማ ቀይ አፈር ገበያ ነኝ። አንተ ትጽፈው የለም እንዴ? እስቲ ደብተርህን እይ።”

ገለጥኩ። “ሐሙስ፣ በጠዋት በጭነት መኪና ወደ ቀይ አፈር ሄደች፤ ሲመሽ ተመለሰች።” የሚቀጥለውም ሐሙስ እንደዚያው። በገዛ እጄ ጽሑፍ! እዚያው የበቆሎው ገለባ ላይ ተቀመጥኩ።

“ጽጌ ወንዝ ላይ መዝፈን ከተወች ወዲህ አያታለሁ” አለችኝ። “ብቻዋን ታወራለች፣ ብቻዋን ትስቃለች። ልነግርህ ፈራሁ፤ ጠመንጃ አለህ። መቼ ጀመራት?”

ወገኖቼ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስመረምር የኖርኩ ሰው፣ ልጄን አንድ ቀን እንኳ “ምን ትሰሚያለሽ?” ብዬ አልጠየቅኩም። ቤቴ ተመልሼ ጠየቅኳት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። “ስሜን ይጠራሉ፣ ስዞር ግን ሰው የለም። አብደሻል እንዳትለኝ ፈራሁ።”

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙም “መቼ ጀመራት?” አለኝ። ደብተሬን አውጥቼ ጠመኔውን፣ አውሮፕላኑን፣ ምግቡን በየቀናቸው አነበብኩለት። እሱም ተገርሞ “ሕመምተኛው ልብሱን ጥሎ መሮጥ ሲጀምር ነው የሚያመጡልኝ። ይህ ሕመም ግን ቀስ እያለ ነው የሚገባው። አንተ በጊዜ ደርሰሃል” አለና አዲስ አበባ ሄዳ እንድትታከም ደብዳቤ ጻፈልን። ሃሌ ሉያ! ለክፋት የጻፍኩትን ጌታ ለልጄ መዳኛ አደረገው!

የዮናስ እናት አብራን ሄደች። ጭነት መኪናው ላይ የጽጌን እጅ ይዛ በአሪኛ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ፣ ትጸልይላት ነበር። መንገድ ላይ መኪናው ጭቃ ያዘውና ወረድን። አላስችል ቢለኝ፣ “ይህን ሁሉ ጽፌብሽ እንዴት አልጠላሽኝም?” አልኳት።

“ጠልቼህ ነበር እንጂ!” አለች። “ጌታ ከለከለኝ።”

ይህ የሚከለክል ጌታ ማን ነው? ምን ዓይነት ነው? ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ፣ ደግሜ ጠየቅኳት። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ተቀበልኩት። ሾፌሩ ጎማውን የምመለከት መስሎት “ጎሽ፣ ግፋ!” ይለኛል። ክብር ለስሙ ይሁን!

ልጄ መድኃኒቷን ዛሬም ትውጣለች፤ የሚጸልዩላትም አሉ። ሁለቱንም የሰጠን ጌታ ነው። ያችውና፣ ከዮናስ እናት አጠገብ ተቀምጣለች። የጻፍኩባችሁ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ዝም ሲል፣ የሌለ ነገር ሲሰማ፣ አትደብቁት፣ አትቆጡትም። ጠይቁት፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት፣ በጌታም ታመኑ፤ እኔን ያልናቀ እናንተን አይንቅም።

እኔ መጠየቅ አልተውኩም። ዛሬ ጠዋትም ጣሪያችን ሲንጫጫ፣ “ጽጌዬ፣ ምን ይሰማሻል?” አልኳት።

“ዝናብ ነው አባዬ” አለችኝ፣ “ዝናብ ብቻ።”